ኤልያስ ያላገጠው በማን ላይ ነበር?

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ረዘም ያለ በመሆኑ ለሌሎች አንባቢዎች ፍሬ ነገሩን በአጭሩ ላቅርበው። ከአክስትዎ ልጅ ጋር በአንድ ቤትና በአንድ እምነት አድጋችኋል፤ እሱ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ወደ ሌላ ቤተ እምነት ሄዷል። ቤተሰቡ በተሰበሰበበት አንድ ምሽት የሃይማኖት ነገር ተነሥቶ ክርክሩ እየጋለ ሲሄድ እርስዎ «ውሻ ወደ ትፋቱ ይመለሳል የተባለው ለአንተ ነው» አሉት። እሱ አልመለሰልዎትም። ጉልበቱ ላይ ዘርግቶት የነበረውን መጽሐፍ ቅዱስ ዘጋ፣ መነጽሩን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ልጁንም በእጁ ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር ሙሉ ደጃፍዎን አልረገጠም። አባትዎ ይቅርታ እንዲጠይቁት ይመክራሉ፤ የሚያከብሯቸው አንድ ወዳጅዎ ግን «ለእውነት ቀንተህ የተናገርከው ነው፤ ኤልያስም በበኣል ነቢያት ላይ አላግጧል» ብለው አጽናንተውዎታል። የሚጠይቁኝ ሁለት ነገር ነው፤ በሃይማኖት ውይይት ውስጥ ኃይለ ቃል የሚገባበት ጊዜ አለ ወይ? ደግሞስ ይቅርታ ብጠይቅ እምነቴን እንዳለዘብኩ አይቆጠርብኝም ወይ? ከፊርማዎ በላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረጓት አንዲት ዓረፍተ ነገርም አለች፤ ወደ እሷ በኋላ እመለሳለሁ።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ አጭር ነው። አዎን፣ ኃይለ ቃል የሚገባበት ጊዜ አለ፤ የእርስዎ ምሽት ግን ከእነዚያ ጊዜያት አንዱ አልነበረም። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ለማስረዳት ከወዳጅዎ ጥቅስ ብጀምር ይሻላል፤ ምክንያቱም ኃይለ ቃልን የሚደግፍ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቀርሜሎስ ተራራ ነው።

ታሪኩ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 18 ላይ ተጽፏል። ኤልያስ 450ዎቹን የበኣል ነቢያት «ጮክ ብላችሁ ጥሩት እንጂ፤ ምናልባት በሐሳብ ተውጦ፣ ወይም መንገድ ሄዶ፣ ወይም ተኝቶ ይሆናል» እያለ እንዳላገጠባቸው እውነት ነው። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች ከንግሥት ኤልዛቤል ማዕድ የሚበሉ ነበሩ፤ ንግሥቲቱም የእግዚአብሔርን ነቢያት ታስገድል ስለ ነበር፣ የቤተ መንግሥቱ አዛዥ አብድዩ 100 ነቢያትን ሃምሳ ሃምሳ አድርጎ በዋሻ ደብቆ እንጀራና ውኃ ያቀርብላቸው ነበር። ኤልያስ የተናገረው ብቻውን ቆሞ፣ ነፍሱን አስይዞ፣ ሰይፍ በእጃቸው ባለ ሰዎች ፊት ነው። እርስዎስ የተናገሩት በማን መካከል ተቀምጠው ነበር? በደብዳቤዎ እንደ ገለጹት፣ በክፍሉ ውስጥ ከነበሩት አሥራ አንድ ሰዎች የአክስትዎን ልጅ ሐሳብ የሚጋራ አንድም አልነበረም። እንግዲያው በዚያች ክፍል ውስጥ ኤልያስን የሚመስል ሰው ይፈለግ ከተባለ፣ ልጁን በእጁ ይዞ የወጣው ሰው ይቀርባል።

ታሪኩም በማላገጡ አያበቃም። በዚያው ቀን ነቢያቱ ወደ ቂሶን ወንዝ ወርደው ታርደዋል፤ ስለዚህ ሽሙጡን ለራሱ ምሳሌ አድርጎ የሚወስድ ሰው ሰይፉን ምን ሊያደርገው እንዳሰበ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል። በሚቀጥለው ምዕራፍ ያው ኤልያስ ሸሽቶ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ሲለምን እናገኘዋለን። በኮሬብ ተራራም እግዚአብሔር ተራራ በሚሰነጥቀው ነፋስ፣ በምድር መናወጡና በእሳቱ ውስጥ እንዳልነበረ፣ ከእሳቱ በኋላ የመጣው ትንሽ የዝምታ ድምፅ እንደ ነበረ ተጽፏል። ለወዳጅዎ ከሁሉ ይበልጥ እንዲያነቡት የምመክራቸው ግን የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 9ን ነው። አንዲት የሳምራውያን መንደር ኢየሱስን ለመቀበል እምቢ ባለች ጊዜ ያዕቆብና ዮሐንስ፣ ልክ እንደ ወዳጅዎ ኤልያስን ምሳሌ አድርገው፣ እሳት ከሰማይ ወርዶ ያጥፋቸው እንበልን ብለው ጠየቁ። በዚያ ቀን የተገሠጹት ሳምራውያኑ አልነበሩም፤ ጠያቂዎቹ ነበሩ።

«ታዲያ ራሱ ኢየሱስ ፈሪሳውያንን የእፉኝት ልጆች ብሎ የለም ወይ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ብሏል፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ላይ የተደረደረው ወዮታ እስከ ዛሬ ሲነበብ ጆሮ ያቃጥላል። ግን ክሱ ምን እንደ ሆነ ልብ ይበሉ፤ ከባድ ሸክም አስረው በሰው ትከሻ ይጭናሉ፣ ራሳቸው ግን በጣታቸው እንኳ ሊነኩት አይወዱም፤ በጸሎት ርዝመት እያመካኙ የመበለቶችን ቤት ይበላሉ። ተጎጂ አለ፤ ተጎጂዋም ራሷን ለመከላከል አቅም የላትም። ቃሉ የተወረወረው በራሱ ሕዝብ መካከል ሥልጣን በያዙት ላይ ነው፤ ምዕራፉም የሚዘጋው ዶሮ ጫጩቶቿን በክንፎቿ ሥር እንደምትሰበስብ እሰበስባችሁ ዘንድ ስንት ጊዜ ወደድሁ በሚል የልቅሶ ቃል ነው። በአንጻሩ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ላይ ከሳምራዊቷ ሴት ጋር የተደረገውን ንግግር ያስተያዩት። እሷ ያነሣችው እውነተኛ የሃይማኖት ልዩነት ነው፤ በዚህ ተራራ እንስገድ ወይስ በኢየሩሳሌም? እሱ ልዩነቱን አልሸፋፈነም፣ እናንተ ለማታውቁት ትሰግዳላችሁ ብሎ አቋሙን በግልጽ ነገራት። የሕይወት ታሪኳን፣ አምስቱን ባሎቿን ጨምሮ፣ እያወቀ አንዲት የስድብ ቃል አልተናገራትም። ይህ ልዩነት በአጋጣሚ የተፈጠረ አይመስለኝም። ኃይለ ቃሉ የተቀመጠው ለግፍ ነው፤ ለሐሳብ ልዩነት የተሰጠው ውይይት ነው።

ጥያቄው የአንድ ቤተ እምነት ብቻ ስላልሆነ ሙስሊም አንባቢዎቼም የሚያውቁትን ላንሣ። በቁርኣን በሱረቱ ጣሃ ሙሴና አሮን ወደ ፈርዖን ሲላኩ፣ ያ ሁሉ ድንበር ማለፉ እየታወቀ፣ ለስላሳ ቃል እንዲናገሩት ታዘዋል፤ ይገሠጽ ወይም ይፈራ ይሆናልና። በሱረቱል አንዓም ደግሞ ከአላህ ሌላ የሚያመልኳቸውን አትስደቡ፣ ያለ ዕውቀት ወሰን አልፈው አላህን እንዳይሰድቡ የሚል ይገኛል። ይህ ሁለተኛው ትእዛዝ የጨዋነት ምክር ብቻ አይደለም፤ ስድብ እንዴት እንደሚሠራ የሚገልጽ ነው። የሰደቡት ሰው ስለ ሐሳብዎ ማሰቡን ያቆምና ስለ ክብሩ ማሰብ ይጀምራል፤ ከዚያም እጁ የሚገባውን ድንጋይ ሁሉ እርስዎ ወደሚወዱት ነገር ይወረውራል። ስለዚህ በአፉ ለሚወጣው ድፍረት የመጀመሪያውን መንገድ የከፈቱት እርስዎ ይሆናሉ ማለት ነው።

አማርኛችን በዚህ ጉዳይ ላይ ከእኛ ይልቅ ጠንቃቃ ነው። ተግሣጽ፣ ወቀሳ፣ ዘለፋ፣ ሽሙጥ፣ ስድብ የሚሉትን ቃላት ለየብቻ ያስቀመጠልን ያለ ምክንያት አይደለም። ተግሣጽ የሚሰጠው የመግሠጽ ድርሻ ባለው ሰው ነው፣ ተገሣጩም እንዲመለስ ይፈለጋል፤ ወቀሳ በቅርበት ላይ ይቆማል፣ የማይወዱትን ሰው አይወቅሱትምና። ዘለፋ ላይ ሲደርስ መፈለጉ ይቀርና ማዋረዱ ይጀምራል፤ ሽሙጥ ደግሞ ተናጋሪው ዓይኑን ከሰሚው ላይ አንሥቶ በዙሪያው ማን እንደ ሳቀ የሚመለከትበት ንግግር ነው። ሰዎች «ኃይለ ቃል ተናገርኩ» ሲሉ ከእነዚህ ከአምስቱ የትኛውን እንደ ተናገሩ አይለዩም። እርስዎም «ገሠጽኩት» ብለው ጽፈዋል። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰውን በውሻ የሚመስል ቃል በልጁ ፊት የተወረወረበት ንግግር ተግሣጽ ተብሎ ሊጠራ አይችልም።

የተናገሩት ከቅዱስ መጽሐፍ የተወሰደ መሆኑም አያድንዎትም። ያ ቃል በመጽሐፈ ምሳሌ የሚገኘው ስንፍናውን ስለሚደጋግም ሰው ነው፤ በሁለተኛው የጴጥሮስ መልእክት የተጠቀሰውም ተከታዮቻቸውን በተፈጠረ ቃል ስለሚነግዱባቸው ሐሰተኞች አስተማሪዎች ነው። የአክስትዎ ልጅ በማን ነገደ? ጥቅስ በሰው ላይ ሲወረወር ስድብነቱ አይቀንስም፤ እንዲያውም ተሰዳቢው መልስ እንዳይሰጥ አፉን ይይዘዋል፣ መልስ ቢሰጥ ከመጽሐፉ ጋር የተጣላ ይመስላልና።

ስለ መራራ እውነት የማውቀው እጅግ ጥሩው ምሳሌ የሚገኘው ከቡድሃ ስብከቶች ውስጥ ነው። አባያ የሚባል ልዑል ቡድሃን ሊያጠምደው አስቦ፣ ለሌሎች የማይጥም ቃል ትናገራለህ ወይ ብሎ ይጠይቀዋል፤ እናገራለሁ ቢለው ከተራው ሰው በምን ትለያለህ ሊለው፣ አልናገርም ቢለው ደግሞ የተናገረውን አንድ ከባድ ቃል ጠቅሶ ሊያፋጥጠው ነው። በዚያ ሰዓት በልዑሉ ጭን ላይ ሕፃን ልጅ ተኝቶ ነበር። ቡድሃም፣ ይህ ልጅ እንጨት ወይም ጠጠር አፉ ውስጥ ቢከትት ምን ታደርጋለህ ይለዋል። ልዑሉ በአንድ እጄ ጭንቅላቱን ይዤ፣ በሌላው ጣቴን አጥፌ፣ ደም እንኳ ቢወጣው አወጣለታለሁ፣ ስለማዝንለት ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ቡድሃ፣ እውነት የሆነና የሚጠቅም፣ ግን ለሰሚው የማይጥም ቃል ሲኖር ጊዜውን አይቶ እንደሚናገረው ይገልጻል። በዚህ ምሳሌ ውስጥ እኔን የሚይዘኝ ያ አንደኛው እጅ ነው። ጣቱ ጉሮሮ ውስጥ ሲገባ ሌላው እጅ ጭንቅላቱን ደግፎ ይዟል። በዚያ ምሽት ሌላው እጅዎ የት ነበር?

እውነቱን ለመናገር ይህን ጥያቄ ለራሴም አቅርቤ አፍሬ አውቃለሁ። ከዓመታት በፊት ከአንድ ሰው ጋር በጽሑፍ ስንከራከር፣ እስከ ዛሬ በቃሌ የማስታውሳት አንዲት ሹል ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። ከእኔ ጋር ቀድሞውኑ የተስማሙት ሁሉ አመሰገኑኝ። የተጻፈለት ሰው ግን ከዚያች ዓረፍተ ነገር በታች ያለውን፣ ሁለት ሌሊት የደከምኩበትን ማስረጃ፣ እንዳላነበበው በኋላ ነገረኝ።

በታልሙድ፣ በአይሁድ ሊቃውንት የሕግና የትምህርት ስብስብ፣ የተጻፈ አንድ ታሪክ ደግሞ ከእርስዎ ጉዳይ ጋር በጣም ስለሚቀራረብ ትንሽ ልቆይበት። ረቢ ዮሐናንና ሬሽ ላቂሽ በሦስተኛው መቶ ዓመት የኖሩ ታላላቅ የአይሁድ ሊቃውንት ነበሩ። ሬሽ ላቂሽ በወጣትነቱ ሽፍታ ነበር፤ ወደ ትምህርት የመለሰው ረቢ ዮሐናን ነው፣ እኅቱንም ድሮለታል። ስለዚህ አማቾች፣ መምህርና ደቀ መዝሙር፣ በኋላም እኩያ ተከራካሪዎች ሆኑ። አንድ ቀን በጉባኤ መካከል ሰይፍ፣ ቢላዋና ጦር ሥራቸው ተፈጸመ የሚባለው መቼ ነው በሚል፣ ለእኛ እጅግ ደረቅ በሚመስል የሕግ ጥያቄ ላይ ተለያዩ። ረቢ ዮሐናን «ሽፍታ የሽፍትነቱን ዕቃ ያውቃል» አለው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ሐሰትም አልነበረባትም፤ ሬሽ ላቂሽ በእርግጥ ሽፍታ ነበር። ነገር ግን ለሐሳቡ የተሰጠ መልስ አልነበረችም፤ የተወው ሕይወቱ በጉባኤ ፊት የተቆፈረበት አካፋ ነበረች። ሬሽ ላቂሽ ታመመ፤ ሚስቱ ወንድሟን ስለ ልጆቼ ስትል ታረቀው ብላ ለመነችው፣ እሱም አልተመለሰም፤ ሬሽ ላቂሽ ሞተ።

ከዚያ በኋላ ረቢ ዮሐናን እጅግ ስላዘነ፣ ሊቃውንቱ እንዲያጽናናው አልዓዛር ቤን ፔዳት የተባለ ብሩህ ሰው ላኩለት። አልዓዛር ረቢ ዮሐናን በተናገረ ቁጥር «የአንተን ሐሳብ የሚደግፍ ትምህርት አለ» ይለዋል። ረቢ ዮሐናንም፣ አንተ እንደ ላቂሽ ልጅ (ሬሽ ላቂሽን ማለቱ ነው) ነህን? እኔ አንድ ነገር ስናገር እሱ 24 ተቃውሞ ያቀርብልኝ ነበር፣ እኔም 24 መልስ እሰጥ ነበር፣ ነገሩም በዚያ ይብራራ ነበር፤ እኔ ትክክል እንደ ተናገርኩ አላውቅምን? አለው። ልብሱን እየቀደደ፣ የላቂሽ ልጅ ወዴት ነህ እያለ ሲጮኽ አእምሮውን እስኪስት ደረሰ ይላል ታሪኩ። እኔ ይህን ሳነብ ዘወትር የሚታየኝ ከእኛ ወገን የሆነው ሰው ሁሉ በአልዓዛር ቦታ ተቀምጦ ነው። የአክስትዎ ልጅ ከሄደ ወዲህ በቤታችሁ የሃይማኖት ጨዋታው ሰላም እንዳገኘ ጽፈውልኛል። ምናልባት ያገኛችሁት ሰላም «የሚደግፍህ ትምህርት አለ» የሚል ሰላም ነው።

ቃል ከተናጋሪው ዕድሜ በላይ እንደሚኖርም አይዘንጉ። ማርቲን ሉተር በ1523 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለ አይሁድ በርኅራኄ ጽፎ ነበር፤ በ1543 ግን ተስፋው ስላልተፈጸመ ምኩራቦቻቸው ይቃጠሉ የሚል ጽሑፍ አወጣ። ከ403 ዓመት በኋላ፣ በ1946 በኑረምበርግ ችሎት ፊት የቀረበው የናዚ ጋዜጣ አሳታሚ ዩልዩስ ሽትራይኸር ያንኑ ጽሑፍ ለመከላከያው ጠቀሰ። ሉተር ያንን ቀን እንዳላሰበው ግልጽ ነው፤ ግን ቃሉን ተጽፎ አግኝተውታል።

ይህን ሁሉ ስል ጨዋ አንደበት ያለው ሁሉ ትክክል ነው ማለቴ እንዳይመስልዎት። «በትሕትና ተናገር» የሚለውን ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ሲያሰማ የሚገኘው በደል የፈጸመው ወገን ነው። አንድ የሃይማኖት አስተማሪ ለታመመች ሴት መድኃኒቷን እንድታቆም ነግሮ፣ ለጸሎቱ ገንዘብ ተቀብሎ፣ የሴትዮዋ ልጅ ተነሥታ «አንተ እናቴን እየገደልክ ነው፣ ሌባ ነህ» ብትለው፣ ቃሏ ኃይለኛ ሆነ ብዬ አልወቅሳትም። ባትናገር ነው የምወቅሳት። በልጆች ላይ ግፍ የፈጸመን አገልጋይ የሚሸፍን ጉባኤም ለስላሳ ቃል አይገባውም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ለስላሳነት ከበደለኛው ጋር መተባበር ይሆናል። እኔ ራሴን የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ አሁን ኃይለ ቃል ባልናገር የሚጎዳው ማን ነው? መልሱ «ያቺ ታማሚ» ከሆነ እናገራለሁ፤ መልሱ «ክርክሩን የምሸነፈው እኔ» ከሆነ ዝም እላለሁ፣ ቢያንስ እስኪበርድልኝ ድረስ። እርስዎ ያን ምሽት ዝም ቢሉ ኖሮ የሚጎዳው ማን ነበር?

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልለፍ። ይቅርታ መጠየቅ እምነትን ማለዘብ አይደለም፤ ለዚህም ከእኛ ክርክር እጅግ የከበደ ምሳሌ አለ። በ1054 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የሮማው ልዑክ ካርዲናል ሁምበርት በቁስጥንጥንያ በሐጊያ ሶፊያ ቤተ ክርስቲያን መንበር ላይ የውግዘት ደብዳቤ አኖረ፤ የቁስጥንጥንያው ወገንም በውግዘት መለሰ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዲሴምበር 7 ቀን 1965፣ ከ911 ዓመት በኋላ፣ የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ስድስተኛና የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ አቴናጎራስ በጋራ መግለጫቸው ስለ ተነገሩት አስቀያሚ ቃላት መጸጸታቸውን ገለጹ፣ ውግዘቱንም ከመታሰቢያ አነሡ። ይህ እርምጃ የሃይማኖት ልዩነቶቻቸውን እንደማይፈታም በዚያው መግለጫ አሰፈሩ። ልዩነቱ ዛሬም አለ። ቃሉን ከልዩነቱ ለይተው ማንሣት ይችላሉ ማለት ነው፤ እርስዎ ደግሞ 911 ዓመት መጠበቅ የለብዎትም።

ሐዋርያው ጳውሎስም በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 23 ሊቀ ካህናቱን «አንተ በኖራ የተለሰንህ ግድግዳ» ካለው በኋላ፣ ሊቀ ካህናት መሆኑን ሲነግሩት ወዲያው ከሕጉ ጠቅሶ ስሕተቱን አመነ፤ መከላከያውን ግን አላቋረጠም።

ስለዚህ ወደ እሱ ይሂዱ እንጂ አያስጠሩት። መልእክተኛ አይላኩ፣ ወዳጅዎንም ይዘው አይሂዱ። «ተቆጥተህ ከሆነ ይቅርታ» የሚል አነጋገር ጥፋቱን ወደ ሰሚው ስሜት ስለሚያሻግር ከአፍዎ አይውጣ፤ «በቤተሰብ ፊት ውሻ ብዬሃለሁ፤ አጥፍቻለሁ» ብለው ቃሉን በስሙ ይጥሩት። «እንዲህ ያልኩህ ግን ስለምወድህ ነው» የሚለውን ይተዉት፤ እውነት ቢሆን እንኳ በዚያ ሰዓት መከላከያ ይመስላል። ስለ እምነቱ የሚያስቡትን እንዳልለወጡ መናገር ከፈለጉ ይችላሉ፣ ግን እሱ ከጠየቀዎት ብቻ፣ ወይም በሌላ ቀን። መልስ ካልሰጠዎትም ሰላም ብለው ተነሥተው ይመለሱ፤ ሦስት ወር የተከማቸ ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ አይወርድም።

አሁን ወደዚያች ዓረፍተ ነገር ልመለስ። የስምንት ዓመት ልጅዎ ባለፈው ሳምንት በትምህርት ቤት የዚያን ሰው ልጅ «አንተ የውሻ ልጅ፣ አባቴ ነው ያለው» ብሎት ተጣልተው እንደ ነበር ጽፈዋል፤ «ልጆች ናቸው» ብለውም አልፈዋል። ልጅዎ ስለ ሃይማኖት ልዩነት ከዚያ ምሽት የያዘው ነገር ይኸው ብቻ ነው። ስለዚህ ይቅርታ ሊጠይቁ በሚሄዱበት ቀን ልጅዎን ይዘውት ይሂዱ፤ ቃሉን ሲናገሩ እንደ ሰማዎት፣ ሲያነሡትም ከጎንዎ ቆሞ ይስማዎት።